ዝናብ ሲያግታችሁ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከጓደኞች ጋር በራስ ስንቅ የመዋያ መመሪያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጣርማበር፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ወሎ የሚገባ መኪና በክረምት ቢያንስ አንድ ቀን ዝናብ ሳያግተው አይመለስም ማለት ይቻላል። ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። በበልግም፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ፣ ሳይታሰብ ይጥላል። የበልጉ ዝናብ መጠኑ ቢያንስም መንገደኛውን ባዶ እጁን የሚያገኘው እሱ ነው፤ በሚያዝያ የዝናብ ልብስ የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው።

መመሪያው በአንድ መኪና ለሚጓዙና ምግባቸውን ራሳቸው ለሚያበስሉ 5 ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ቤት ተከራይታችሁ፣ ፔንሲዮን ግቢ ውስጥ አርፋችሁ ወይም ድንኳን ተክላችሁ ሊሆን ይችላል። መጠኑን እንደ ሰዉ ብዛት ጨምሩ፣ ቀንሱ። ብዙ ቦታ የሰጠነው ለእሳቱ ነው፤ ዝናብ የዋለበትን ቀን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ምድጃው ነውና።

መጀመሪያ የት እንደምትውሉ ወስኑ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሙቀቱ ልዩነት ግን 4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ፀሐይ በወጣበት ቀን 4 ዲግሪ ማንም ልብ አይለውም። ልብስና ድንኳን ከረጠበ በኋላ ግን በእንቅልፍና በብርድ ሲንቀጠቀጡ በማደር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ደሴ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋ ላይ ሲተኛ የታጠበ ካልሲ በሁለት ቀንም አይደርቅ። ኮምቦልቻ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ካለች በግማሽ ቀን ይደርቃል። በአንጻሩ ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ወባ ይደርስባታል፤ በተለይ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አጎበር ካልያዛችሁ ደሴ ማደሩ ይሻላል። ሌላም አለ፦ የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ወርዶ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ የዘነበው ውሃ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወንዙ ዳር፣ ሣሩ ምንም ቢያምር፣ ድንኳን አትትከሉ።

ውሳኔውን እንዲህ አድርጉት። የመኝታ ዕቃችሁ ደረቅ ከሆነና ጣሪያ ያለው ማረፊያ ካላችሁ ካላችሁበት አትነሡ። የመኝታ ዕቃው ከረጠበ፣ ደሴ ላይም ከሆናችሁና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጭጋግ ካልዋጠው፣ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። መውረድ ያለባችሁ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ነው። የክረምቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጠነክራል፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣው ተሳቢ ሁሉ ኮምቦልቻን አልፎ ያንኑ ጠመዝማዛ ሲወጣና ሲወርድ ያጋጥማችኋል።

ሐረጎን ስትወርዱ በ2ኛ ማርሽ ያዙትና ሞተሩ ይያዝላችሁ፤ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሾፌር ግማሽ መንገድ ላይ የጋለ ፍሬን ይሸተዋል። ጭጋግ ውስጥ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ጭጋጉ ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ያጠፋዋል። አጭሩ ይበቃል። መስታወቱ ከውስጥ ሲያልበው በእጅ አትጥረጉት፤ የእጅ ቅባቱ ማታ የሚመጣውን መብራት ይበትነዋል። ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብሩና አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጉ፤ ኤሲ የሌለው መኪና ከሆነ ሁለት መስኮት በጣት ስፋት ክፈቱ። ከተቆረጠው ገደል ትናንሽ ድንጋይና ጭቃ ውሃ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ሥሩ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ። ናዳ ከመውረዱ በፊት እንዲህ እየተንጠባጠበ ይጀምራል።

ሸራውን መወጠር

ግቢ ውስጥም ቢሆን በር ላይ የተወጠረ ሸራ ካለ ወጥ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ ይወጣል። የሚያስፈልጋችሁ 4 በ5 ሜትር የሆነ ሸራ፣ 20 ሜትር ገመድ፣ ጥቂት ሲባጎና ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎች ናቸው። ጆንያውን ቢያንስ 4 ያዙ፤ ለደጃፍ ጭቃ መጥረጊያ፣ ለከሰል መያዣ፣ ጎማ ጭቃ ሲበላው ሥሩ ለማንጠፍ ያገለግላል።

የሸራውን አንዱን ጎን 2.20 ሜትር ከፍታ ላይ እሰሩ። ተቃራኒውን ጎን ወደ 1.50 ሜትር ዝቅ አድርጉት። የ70 ሳንቲ ሜትር ልዩነቱ ብዙ ይመስላል፤ ግን ሸራው ላይ ውሃ የሚቋጥረው ተዳፋቱ ሲያንስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 20 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 200 ሊትር ውሃ ይወርድበታል። ከዚያ አንድ አራተኛው ብቻ መሐሉ ላይ ቢጠራቀም 50 ኪሎ ነው፤ የሸራውን ቀዳዳ ቀድዶ፣ ጫፉን ገንጥሎ ድስቱ ላይ ይደፋዋል። መሐሉ ከረገበ ሥሩ አንድ ቋሚ እንጨት አቁሙ፤ የእንጨቱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ሸራውን እንዳይበሳው።

የሸራው ቀዳዳ ከተቀደደ ሸራው ሞተ ማለት አይደለም። እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ድንጋይ ጫፉ ውስጥ ጠቅልሉና አንገቱን በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ገመዱን እዚያ ላይ ማሰር ከመጀመሪያው ቀዳዳ ይልቅ ይጠነክራል። ገመዱን ይዞ ወደ በሩ የሚመጣ ውሃ ካስቸገራችሁ ከሸራው አንድ ስንዝር ራቅ ብላችሁ ገመዱ ላይ ሲባጎ አንጠልጥሉ፤ ውሃው ሲባጎውን ይዞ እዚያው ይንጠባጠባል።

በዝቅተኛው ጎን ሥር ባልዲና ሳፋ ደርድሩ። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ውሃ ድፉት፣ አቧራውን ያጥባል። ቀጥሎ የሚመጣው ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለእግርና ለጫማ በቂ ነው። ለመጠጥ ግን አይሆንም።

መብረቅ ሲጀምር ሸራው ሥር ገመዱን ይዞ መቆም ይቅር፣ በተለይ ገመዱ ከረጅም ባህር ዛፍ ላይ ከታሰረ። ቤት ግቡ፤ ቤት ከሌለ መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግታችሁ።

እሳቱ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ የከሰል ምድጃ የተዘጋ ክፍል፣ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ አይገባም። ደሴ ላይ ማታ ሲበርድ ፍሙን ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የሚያጓጓ ነገር ነው። በዚህ የተነሣ ቤተሰብ በሙሉ ተኝቶ ሳይነቃ ቀርቷል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ብዙ ሰው «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ፍም ብቻ ነው» ብሎ ያስገባዋል። ጋዙ ግን ከቀላው ፍምም፣ አመድ ከለበሰውም ይወጣል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል ነው። አንድ ሰው ራሱን ካመመው ድካም ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ካመማቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ዝናብም ቢሆን። በርና መስኮት ይከፈት፣ ምድጃው ይውጣ። ራሱን የሳተውን በጎኑ አስተኙት፤ ወደ 907 ለአምቡላንስ ደውሉ ወይም በራሳችሁ መኪና ሆስፒታል አድርሱት። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ይታይ። ወተት ማጠጣት ምንም አያደርግለትም፤ የሚያድነው ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው።

አሁን ወደ ማቀጣጠሉ። ለአንድ ቀን፣ ሁለት ጊዜ ለማብሰልና አንድ ጊዜ ቡና ለማፍላት፣ 2.5 ኪሎ ያህል ደረቅ ከሰል ያዙ። በክረምት መንገድ ዳር የሚሸጠው ከሰል ብዙ ጊዜ ዝናብ ጠጥቷል። ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው፦ ደረቁ ቀላል ነው፣ እርስ በእርሱ ሲጋጭ እንደ ሸክላ ይንቃጨላል፤ እርጥቡ ይከብዳል፣ ድምፁ የታፈነ ነው። እርጥብ ከሰል ይንጣጣል፤ ፍንጣሪው ሸራ ይበሳል፣ ነጠላ ያቃጥላል። የገዛችሁት እርጥብ ከሆነ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ለነገ አቆዩትና በየጊዜው ጥቂት ጥቂቱን ከነደደው ምድጃ ዙሪያ ደርድራችሁ አድርቁት።

ምድጃውን እርጥብ መሬት ላይ አታስቀምጡ። ሁለት ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥሩ አድርጉ፤ መሬቱ ሙቀቱን ይመጥጣል፣ የሚፈናጠረው ጠብታ ደግሞ የጋለውን ሸክላ ይሰነጥቀዋል። ቦታው ከሸራው ከፍተኛ ጎን በኩል ይሁን፤ በምድጃውና በሸራው መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይኑር። የአየር ቀዳዳውን ወደ ነፋሱ አዙሩት። ጭራሮና ጥቂት ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ ከሥር፣ ከሰሉ ከላይ። ቤንዚን ፈጽሞ አይነካ፤ ነጭ ጋዝም የነደደ እሳት ላይ አይጨመር። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ታገሡ፣ አራግቡ፤ የላይኛው ከሰል ጥግ ጥጉ ነጭ አመድ ሲለብስ ድስት መጣድ ይቻላል። ከዚያ በፊት የተጣደ ሽንኩርት ጭስ ጭስ ይላል።

ቡታጋዝ ካላችሁ በዝናብ ቀን የተሻለው እሱ ነው፣ መስኮት እስከተከፈተ ድረስ። ቱቦው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ካበጠ ጋዝ ያመልጣል፣ አታቀጣጥሉ። ደሴ ላይ ጠዋት ሲበርድ ሊያልቅ የተቃረበ ሲሊንደር ነበልባሉ ይሰንፋል። አላለቀም፤ ቅዝቃዜው ግፊቱን ቀንሶት ነው። ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙት። የፈላ ውሃ ወይም እሳት አታስጠጉበት።

የተከራያችሁት ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ካለው ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ቀጥታ ይሰካ። ሁለት ምድጃ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ዲቫይደሩን ያቀልጠዋል። መብራትም በዝናብ ስለሚቆራረጥ በእሱ ብቻ ተማምናችሁ ጥሬ ምስር አትዘፍዝፉ።

ምን እንደሚበሰል

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ በ94። እሳት ብታበዙም ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ይተናል እንጂ። ስለዚህ በጅቡቲ ወይም በአዋሽ በረሃ የለመዳችሁት ሰዓት እዚህ አይሠራም። ፓስታ ላይ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጨምሩ። ሩዝ ላይ ሩብ ብርጭቆ ውሃና 5 ደቂቃ ጨምሩ። ምስር ክክ ደሴ ላይ 35 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ቲማቲሙን መጨረሻ ላይ ጨምሩት፣ ኮምጣጣ ነገር ምስሩን ያጠነክረዋል። ሽምብራና ባቄላን ያለ ፕሬሸር ኩከር አትሞክሩት፤ ከሰሉን ሁሉ በልቶ ለእራት እንኳ አይደርስም።

የሚጠጣውን ውሃ ደሴ ላይ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ አቆዩት፤ ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል። በክረምት የቧንቧው ውሃ ከደፈረሰ አስቀድማችሁ አጥልሉት፣ በነጠላ ጨርቅ አጣርታችሁ አፍሉት። ለ5 ሰው ለመጠጥ፣ ለሻይና ለማብሰያ በቀን 25 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያዙ።

ስለ ምናሌው ግልጽ ምክር አለን፦ ዋናው ድስት የጾም ይሁን። በክረምት መሐል፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ፍልሰታ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም ጓደኛ አብሮ ሲጓዝ ደግሞ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ጥያቄ ይመጣል። በዘይት የተሠራ ሽሮና ምስር ይህን ሁሉ ይፈታል፤ አንድ ድስት፣ አንድ ገበታ። ወሎ ለዘመናት የኖረው በዚህ ዓይነት መከባበር ነው። በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ካለ ምሳውን ወደ 9 ሰዓት አዙሩት፤ የማይጾመው በሶና ቆሎ ይዞ ይቆያል።

ለምሳ ሽሮ፣ ለ5 ሰው፦ 3 መካከለኛ ሽንኩርት፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 4 ፍንጣቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ብርጭቆ ምጥን ሽሮ፣ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እስኪጠወልግ አቁላሉ፣ ከዚያ ዘይቱን ጨምሩ። ነጭ ሽሮ ከሆነ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ እዚህ ላይ ይገባና ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጠጣ 10 ደቂቃ ይቁላላ። ውሃውን ጨምራችሁ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ። ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ። አንድ ጊዜ የተገለበጠ ሽሮ ይጓጉላል፤ ጓሉም ውጩ በስሎ ውስጡ ዱቄት ይቀራል። እንዲህ ከሆነባችሁ አንድ ጭልፋ አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ፍቱትና መልሱት። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍና የጥሬ ዱቄት ሽታው ሲጠፋ በስሏል። የተረፈውን ፍም ለእራቱ አትተማመኑበት፣ ለሻይ ግን ይሆናል።

እንጀራ በክረምት ቶሎ ይሻግታል፤ ላስቲክ ውስጥ የታፈነ ደግሞ ያልበዋል፣ በሁለተኛው ቀን ነጥብ ነጥብ ያበቅላል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አገልግል ውስጥ አኑሩት። ድርቆሹ ተቃራኒውን ይፈልጋል፦ የዝናብ አየር እርጥበት እንዳይጠጣ ላስቲክ ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ የቋጠራችሁትን ፌስታል ሌላ ፌስታል ውስጥ ክተቱት።

ለእራት የድርቆሽ ፍርፍር፦ የ5 እንጀራ ድርቆሽ፣ 3 ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 3 ቲማቲም፣ 4 ብርጭቆ ውሃ። ቁሌቱን ሠርታችሁ ውሃው ከፈላ በኋላ ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ ያኔ ድርቆሹን ጨምራችሁ ክደኑት። ለ3 ደቂቃ ብቻ። እሳት ላይ እያለ የተጨመረ ድርቆሽ ገንፎ ይሆናል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የገባው ሲፈርስ የኋለኛው ገና ደረቅ ነው። ቋንጣ የሚፈልግ ካለ 200 ግራም ያህሉን በትንሽ መጥበሻ በንጥር ቅቤ ለብቻው ሠርቶ ሳህኑ ላይ ይጨምር፤ ድስቱ ውስጥ አይግባ።

እሳት ከነአካቴው እምቢ ካለ በሶ ያድናችኋል። ለአንድ ሰው ሩብ ብርጭቆ ያህል በሶ፣ ጨው ወይም ስኳር፣ ውሃ፤ በክዳን በተከደነ ጠርሙስ መትቶ መጠጣት ነው። በቅቤ የታሸ ጭኮ ከሆነ ማንኪያ እንኳ አይጠይቅም።

ከሐይቅ በኩል የመጣችሁ ከሆነ ዓሣ ይዛችሁ ይሆናል፤ ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚያኑ ቀን አብስሉት። በፍልሰታ ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ጠይቁ እንጂ አትከራከሩ።

እርጥብና ደረቅ

አንድ ሕግ ብቻ አጥብቁ፦ እያንዳንዱ ሰው የመኝታ ልብሱን አንድ ሙሉ ቅያሪ ላስቲክ ውስጥ አስሮ ይያዝ፣ ካልሲው ጭምር። ይህ ልብስ ዝናብ ውስጥ አይወጣም፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ተብሎም አይለበስም። ጠዋት ሌላው እርጥብ ቢሆን እርጥቡን ለብሳችሁ ውጡ፤ ሲራመዱበት ይሞቃል። ደረቁ ከረጠበ ግን ሌሊቱ የለም።

ጋቢም ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ። የረጠበ ጋቢ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ደሴ ላይ ሁለት ቀን አይደርቅም። እርጥብ ልብስ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አትስቀሉ፤ እርጥበቱ አልጋው ላይ ያርፋል። በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ጠምዝዙት፣ ከዚያ ሸራው ሥር ነፋስ በሚያልፍበት ስቀሉት። ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጎስጉሱ፣ በየሁለት ሰዓቱ ለውጡት። ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጫማ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ እርጥቡን አውልቆ ደረቁን ይልበስ፣ ጭንቅላቱንም ይሸፍን፤ ስኳር የበዛበት የዝንጅብል ሻይ ስጡት። አረቄ አይሰጠው። ቆዳው ላይ ሞቅ ቢለውም ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት ይጨምራል።

ቡናና የከሰዓቱ ጊዜ

5 ሰው ጠባብ በረንዳ ላይ ሙሉ ቀን ሲውል የሚያጣላው ሥራ ፈትነትና መጣበብ ነው። ምድጃው ዙሪያ ከሁለት ሰው በላይ አይቁም፤ አንድ አብሳይ፣ አንድ አቀባይ። ሌላው ውሃ ይቅዳ፣ አንዱ ዕቃ ይጠብ፣ አንዱ የሸራውን ገመድ ይከታተል፤ ከምሳ በኋላ ተቀያየሩ። የመዋጮውን ሒሳብም ዛሬ ጨርሱት፣ ጊዜ አለ።

ቡናውን ከምሳ በኋላ ጀምሩት፤ ከአቦል እስከ በረካ በዝግታ ከሄደ ሁለት ሰዓት ይሞላል። ለ5 ሰው 80 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ይበቃል። ለቀጣዩ ዙር የጋለ የሸክላ ጀበና ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፣ ይሰነጠቃል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ። ጀበናውም መኪና ውስጥ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አንገቱ ወደ ላይ ሆኖ ይሂድ። ካርታ ወይም ዳማ መያዝ ስንቅ እንደመያዝ ነው።

ካፊያ ብቻ ሲሆን ከተማ መውጣት ይቻላል። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረውን ደሴ ሙዚየምም ለማየት ጥሩ ቀን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። የጎደለውን ሽንኩርትና ቲማቲም ስትመለሱ ግዙ።

ማታና በማግስቱ

ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን ውጭ አውጥታችሁ በውሃ አጥፉ፤ አመድ የለበሰ ፍም ነፋስ ሲያገኘው ይነሣል። አጥንትና የምግብ ትራፊ በክዳን ባልዲ መኪና ውስጥ ይደር፤ ውጭ ከቀረ ውሻና ጅብ ይጠራል። ስልክና ፓወር ባንክ መብራት ሲኖር ሙሉ። መኪናውን ጠጠር ላይ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙት። ጥቁር አፈር ላይ ያደረ ጎማ ጠዋት ሲሽከረከር ራሱን ይቀብራል። ከተቀበረ ጋዝ አትስጡት፤ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ቆፍራችሁ ጆንያዎቹን አንጥፉ፣ ከዚያ በ2ኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ አውጡት።

ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ሰው መናኸሪያ ይሂድ። ከወልድያ ወይም ከከሚሴ በኩል የገባ ሾፌር መንገዱ ላይ ናዳ ወይም ጎርፍ መኖሩን ከማንም በተሻለ ይነግራችኋል። ወደ ደቡብ የምትሄዱ ከሆነ ከኮምቦልቻ በታች፣ ከሚሴ አካባቢ ያለውን የጨፋን ሜዳ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ረግረግ ነው፣ ቦርከና ሲሞላ ይተኛበታል። መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃ ካጋጠማችሁ ጥልቀቱን ሳታውቁ አትግቡ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ትልቁንም ይወስዳል። ሌላ መኪና ስላለፈ እናንተም ታልፋላችሁ ማለት አይደለም፤ ጎርፉ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨምራል፣ ሥሩ ያለው አስፋልትም ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ዳር ይዛችሁ ጠብቁ፤ የተራራ ጎርፍ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል።

ሸራውን እርጥብ እንደሆነ መጠቅለላችሁ አይቀርም። ለምሳ የምትቆሙበት ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ይሁን፤ አጥር ላይ ወይም መኪናው ላይ ዘርጉት። ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ከቆየ ይሻግታል፣ ስፌቱም ውሃ ማሳለፍ ይጀምራል።